ኮምፓይለሩና ባለቤት የሌለው ጆንያ

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ዝናብ ነበር። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል ዝናብ ነበር ማለት ወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የዚያ ቀኑ ግን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ከሥርም ይዘንብ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ የቡና እርሻው በር እስክደርስ አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እስካሁን አልተገኘም። በዚያ አፈር ምን የማይበቅል አለ፣ ይሄኔ የጫማ ዛፍ ሆኖ ይሆናል።

በአንድ ጫማ የጥገና ክፍሉን በር አንኳኳሁ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወርቅነህ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ቀጥለው ወደ እግሬ ወረዱ።

«ምንድን ነው የተማርከው?»

«ኮምፒዩተር ሳይንስ።»

«ብየዳ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«የውሃ ፓምፕ?»

«እሱንም አልችልም።»

«ጫማ ማድረግስ?»

እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ከመሳቢያቸው የጎማ ቦቲ አውጥተው ሰጡኝ፤ ሁለቱም የግራ ነበሩ። በሁለት ግራ እግር ጁኒየር ቴክኒሺያን ሆኜ ተቀጠርኩ። በእርሻው ከእኔ በታች ያለ ማዕረግ የዘበኛው ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በአገልግሎት ዘመን ይቀድመኛል።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። ፕሪንተር አራገፍኩ። ከኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ፤ አይጦቹ ከእኔ የተሻለ የቤት አበል ያላቸው ይመስሉ ነበር። ብየዳም ተማርኩ፤ ሚሌኒየሙን ባከበርን ማግስት የበየድኩት በር አሁንም አለ፣ የማይከፈት ቢሆንም። ለእናንተ ለወጣቶቹ የሚጠቅመው ታሪክ የሚጀምረው ግን የእሸት መለያው ማሽን ሲመጣ ነው።

መጣ ስል ከየትም አልመጣም፤ እኛው ነን የሠራነው። ለማያውቅ ሰው፦ ቡና ከመፈልፈሉ በፊት ቀዩ እሸት ከአረንጓዴው መለየት አለበት። ጥሬው አብሮ ከገባ የቡናውን ሁሉ ጣዕም ያበላሻል። ይህን ሥራ በእጅ ሲሠሩ የኖሩት ለቃሚዎች ናቸው፤ እሸቱ በበዛ ሰሞን ግን እጅ አይደርስም፣ ገንዳው ይሞላል፣ ያልተለየውም ይገባል። ከውጭ የሚመጣውን መለያ ማሽን ዋጋ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰይፉ ጠይቀው ነበር፤ መልሱን ሰምተው ለሁለት ቀን ምግብ አልበሉም ይባላል። ያኔ ጋሽ ወርቅነህ «እኛ እንሠራዋለን» አሉ። ሲሉ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ «እኛ» ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ሂሩት የተቀጠረችው በዚህ ምክንያት ነው። የማሻ ከተማ ልጅ ናት፣ የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነር። እኔ በአንድ ሻይ የማወራውን እሷ በአንድ ክረምት አትጨርሰውም። ይዛው የመጣችው ቦርድ ላይ ያለው ቺፕ ልዩ ነው፤ በውስጡ ያለውን ሰርኪዩት ራስህ ትነድፈዋለህ። የማሽኑን አእምሮ፣ ፕሮሰሰሩን፣ እዚያው ውስጥ የነደፈችው እሷ ናት። እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ፣ እሷ ፕሮሰሰሩን ትሠራለች፣ ጋሽ ወርቅነህ ብረቱን ይበይዳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሸቱ በሞተር በሚጎተት ረጅም የጎማ ቀበቶ ላይ በቀጭን ቦይ ተሰልፎ ይሮጣል። ከላይ መብራትና ሴንሰሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ፍሬ ከሥራቸው ሲያልፍ ቀለሙን ደጋግመው ያነባሉ። ፕሮሰሰሩ ያነበበውን እያባዛ እየደመረ ይፈርዳል። ፍሬው ጥሬ ከሆነ ከቦዩ ጎን ያለ ቫልቭ ይከፈትና አየር እፍ ብሎ ያወጣዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ጎማው በዝግታ ሲሄድ ሁሉም አማረ። እንደ ሥራው ልክ ሲሮጥ ግን ፕሮሰሰሩ ፍርዱን ጨርሶ ቫልቭ እስኪከፍት ጥሬው ፍሬ ያልፋል፤ እፍታው የሚያገኘው ከኋላው ያለውን ነው። ጥፋተኛው ወደ መፈልፈያው ይሄዳል፣ ንጹሑ ቀይ እሸት እየበረረ የአቶ ሰይፉን ደረት ይመታል። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሱት።

«ቀዩን የሚለይ ማሽን ነበር ያላችሁኝ» አሉ ሸሚዛቸውን እያዩ። «ይሄ ቀዩን የሚቀጣ ማሽን ነው።»

እኔ መልስ ልሰጥ ነበር፤ ጋሽ ወርቅነህ በግራ ቦቲያቸው ረገጡኝ።

«መስቀል ሲያልፍ እሸቱ በብዛት ይገባል» አሉ አቶ ሰይፉ። «እስከዚያ ከጎማው እኩል ካልሮጠ ክፍላችሁን የጆንያ መጋዘን አደርገዋለሁ። ወርቅነህ ጡረታህን ትወጣለህ። ኢንጂነሯ ወደ ቤቷ። አንተ ደግሞ…»

«እኔስ፣ አቶ ሰይፉ?»

«ጌጫ ያለው ጄኔሬተራችን ያለ ጠባቂ ነው።»

«ጄኔሬተር እኮ አላውቅም።»

«እሱም አያውቅህም። ትተዋወቃላችሁ።»

በማግስቱ ባዶ ጆንያ የጫነ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ጥግ ጥጉን ደረደሩት። ቦታውን ከወዲሁ መያዛቸው ነው። ጌጫ በእርግጥ ጥሩ አገር ነው፣ በብርዱ ላይ ክፉ ቃል አልናገርም፤ ጋሽ ወርቅነህን ግን ያለዚያ ክፍል ላስባቸው አልቻልኩም። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቁርስም ምሳም እዚያው ነበር የሚበሉት። ከጆንያው ክምር አጠገብ ቆመው የምሳ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት ሲፈልጉ አየኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ጆንያው ስቀልድ ራሴም አልስቅም ነበር።

መፍትሔውን ያመጣችው ሂሩት ናት። ፕሮሰሰሩ ማባዛቱን አንድ ጊዜ፣ መደመሩን ሌላ ጊዜ፣ ማስቀመጡን ደግሞ ሌላ ጊዜ ነው የሚሠራው። እሷ ሦስቱን ባንዴ የሚሠራ ሰርኪዩት ጨመረችለት። በፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ማጠራቀሚያ አስቀመጠች፤ እኛ ጣሳ እንላት ነበር። ሦስት አዲስ ትዕዛዞች ተወለዱ፦ አንዱ ጣሳዋን ባዶ ያደርጋል፣ አንዱ ሁለት ቁጥሮች አባዝቶ ጣሳዋ ውስጥ ይጨምራል፣ አንዱ በጣሳዋ ያለውን ያነባል። ስማቸውንም እንደዚያው አልናቸው፤ ባዶ፣ ጨምር፣ አንብብ።

ችግሩ ፕሮሰሰሩ ቢያውቃቸውም ኮምፓይለሩ አለማወቁ ነበር። ኮምፓይለር ምን እንደሆነ ለአቶ ሰይፉ ያስረዳሁት እንዲህ ነው፦ ሚዛን ተፈሪ ፍርድ ቤት ቆመው ያውቃሉ? ባላገሩ በቤንችኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ለዳኛው በአማርኛ ያቀርባል። ኮምፓይለር ያ አስተርጓሚ ነው፤ እኔ የጻፍኩትን ለፕሮሰሰሩ በገዛ ቋንቋው ይነግረዋል። ዳኛው አዲስ ቃል ቢማርም አስተርጓሚው ካላወቀው ቃሉ ችሎት አይገባም። አቶ ሰይፉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሳስበው የነቀነቁት ዝንብ ኖሮ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው አስተርጓሚውን መዝለል ነበር። ፕሮሰሰሩ ትዕዛዝን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ የሦስቱን ቁጥር በእጄ ፕሮግራሙ መሐል ሰካሁ። ሠራ። ግን ሂሩት ሰርኪዩቷን ባሻሻለች ቁጥር ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ እኔም ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች እንደገና እለቅማለሁ። አንዷን ከረሳሁ ቫልቮቹ በሙሉ ባንድ ላይ ይከፈቱና ቤቱ ውስጥ እሸት ይዘንባል።

ጋሽ ወርቅነህ ስክሪኑን አዩት። «ይሄን ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

«አንተ ጌጫ ስትሄድስ?»

ጣቴን ከኪቦርዱ አነሣሁ።

«አስተርጓሚውን አስተምሩት እንጂ፣ በየስብሰባው እየገባችሁ ልታስተረጉሙለት ነው?»

የምንጠቀምበት ኮምፓይለር ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ ዓይነት ነው፤ ቋንቋውን ከፍተህ ማረም ትችላለህ። ኮዱን ከኢንተርኔት ማውረድ ግን በእኛ ግቢ የሚታሰብ አልነበረም። የእኛ ኢንተርኔት ኢሜይል ሲያመጣ ከጅማ በእግሩ የመጣ ይመስል ነበር፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያድራል። ሂሩት ጅማ ድረስ ሄዳ በፍላሽ ይዛው መጣች።

ኮምፓይለሩን ባረምነው ቁጥር ከኮዱ እንደገና መገንባት ሌላ ጣጣ ነው። ኮምፒዩተራችን አሮጌ በመሆኑ ገና ሲጀምር ያቃስታል። አጋማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። እንደገና እንጀምራለን። አጋማሽ። መብራት። በመጨረሻ ጋሽ ወርቅነህ የውሃ ፓምፑን አጥፍተው ጄኔሬተሩን ለእኛ ሰጡን። ያን ቀን ግቢው በሙሉ ፊቱን ሳይታጠብ ዋለ። ሒሳብ ክፍል ያሉት እስከ ዛሬ ያንን ቀን «የኮምፓይለር ዕለት» ይሉታል፤ ትርጉሙም ውሃ የለም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ድል ቀላል ነበር። አሴምብለር የሚባለው የኮምፓይለሩ ታናሽ ወንድም የትዕዛዞችን ስም ወደ ቁጥር ይቀይራል። በሠንጠረዡ ላይ ሦስቱን ስሞች፣ ቁጥራቸውንና ስንት ነገር እንደሚቀበሉ ጻፍን። ባዶ፣ ጨምር፣ አንብብ ብለን ስንጽፍ ያለ ማጉረምረም ተቀበለን። ሂሩት ፈገግ አለች። ከተቀጠረች ጀምሮ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር፤ ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ።

ቀጥሎ ትልቁ መጣ። እኔ ተራ ፕሮግራም ስጽፍ ኮምፓይለሩ በራሱ ትዕዛዞቹን እንዲጠቀም ማድረግ። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ መግለጫ ይጻፋል፦ ይህን ይቀበላል፣ ይህን ይሰጣል። ለ«ጨምር» ሁለት ቁጥር ይቀበላል ብዬ ጻፍኩ። ገነባን፤ ፕሮግራሙን እንዲያፈጥን ኮምፓይለሩን ወደ ላይኛው የፍጥነት ደረጃ አደረግን፤ ጎማውን ለቀቅነው።

ፕሮግራሙ እንደ ንፋስ ሮጠ። ጋሽ ወርቅነህ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ለጌጫው ጄኔሬተር የስንብት ደብዳቤ በሐሳቤ ጀመርኩ። ከዚያ ሂሩት የመፈልፈያውን ገንዳ ተመለከተች። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቅጠሉ፣ አንድ ጉንዳን ጭምር፣ ሁሉም አልፏል። አንድም ቫልቭ እፍ አላለም።

ኮምፓይለሩ ያወጣውን ትርጉም ከፈተችና ጣቷን እያንሸራተተች ወረደች።

«ጨምር የት አለ?»

«እዚያ ይኖራል።»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አስተርጓሚው ያንተ ነው።»

ኮምፓይለሩ ሰረዘው። ሁሉንም «ጨምር» አንድ በአንድ ሰረዘ። የላይኛው የፍጥነት ደረጃ ላይ ያለ ኮምፓይለር የማይጠቅም ሥራ አይወድም፤ «ጨምር» ደግሞ በመግለጫዬ መሠረት ሁለት ቁጥር ተቀብሎ ለማንም ምንም የማይሰጥ ትዕዛዝ ነው። የሚበላ እንጂ የማይሠራ። አባረረው። ፕሮግራማችን የፈጠነው ምንም ስላልሠራ ነበር፤ እንደዚያማ እኔም ፈጣን ነኝ።

ለዚህ የታወቀ መድኃኒት አለ። መግለጫው ላይ «ይህን እንዳትነካ» የሚል ምልክት ታደርጋለህ፤ ኮምፓይለሩ አይሰርዘውም፣ ከቦታውም አያነቃንቀውም። አደረግን። አሁን ፍርዱ ልክ ሆነ፤ ጥሬው ተለየ፣ ቀዩ አለፈ። ፍጥነቱ ግን ሞተ። ኮምፓይለሩ ያን ምልክት ሲያይ እየፈራ በዙሪያው ያለውንም ሁሉ አቆመው። የሚቀጥለውን የቀለም ንባብ ቀድሞ ማምጣት ሲችል «ጨምር» እስኪያልቅ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ጎማው ሲሮጥ እፍታው እንደገና ዘገየ። በቀኑ መጨረሻ አቶ ሰይፉ በበሩ ሲያልፉ አንድ ቀይ ፍሬ ተወርውሮ ጆሯቸውን ነካ። በማግስቱ ሌላ መኪና ጆንያ መጣ።

ከምልክቱ ጋር ዘገየ፣ ያለ ምልክቱ ተሰረዘ። በዚህ መሐል ብዙ ቀን ዋለልን። ሂሩት እኔ ላይ፣ እኔ ሂሩት ላይ፣ ሁለታችንም መብራት ኃይል ላይ አሳበብን። ጆንያው ከጥግ ተነሥቶ የሥራ ጠረጴዛችን ድረስ ደርሶ ነበር፤ ጋሽ ወርቅነህ ምሳቸውን የሚበሉት ክምሩ ላይ ተቀምጠው ሆነ።

ያኔ ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው እሸት ጥቂት ጥቂት መግባት ጀምሯል። ለሙከራ የሚሆነንን ከመረከቢያው ነበር የምወስደው፤ የገባውንና የወጣውን ለማወዳደር መጀመሪያ መመዘን ነበረበት። የመረከቢያውን ሚዛን የያዙት እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከጅማ ወገን የመጡ፣ በድምፃቸው ከሚዛኑ እስከ መንገዱ ሰው የሚያስቆሙ። እሸት ለሚያስረክበው ገበሬም ለቃሚም የእሳቸው ደንብ የታወቀ ነው። ጆንያህን ስታወርድ ስምህን ትናገራለህ፤ እሳቸው ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ ከዚያ ስሙ ከተሸካሚ ወደ ተሸካሚ አብሮ ይሄዳል። አንተ ሻይ ጠጥተህ ብትመጣም ግድ የለም። ተሸካሚዎቹ ቦታ ሲጠብ ጆንያህን ወዲህ ወዲያ ያደርጉታል፣ ሌላውን ያሳልፋሉ፤ ያንተ ተራ ግን በስምህ ይጠበቃል። ስም ያልተጠራለት ጆንያ ባለቤት የለውም፤ የእርሻው ክምር ላይ ይደፋል።

አንድ ቀን ሐሳቤ ኮምፓይለሩ ላይ ሆኖ ጆንያዬን አውርጄ ስሜን ሳልናገር ሄድኩ። ስመለስ ተደፍቷል። በማግስቱ ብልህ ሆንኩ። ካርቶን ቀድጄ በትልልቅ ፊደል «እንዳይነካ» ብዬ ጻፍኩና ጆንያው ላይ በሽቦ አሰርኩት፤ ሚዛኑ አፍ ላይ አስቀምጬው ለቫልቮቹ አየር የሚሰጠውን ኮምፕረሰር ለማየት ሄድኩ።

ስመለስ ሰልፉ ከመንገዱ ወጥቶ የሸዋ ቤንች መታጠፊያ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ትንሽ ካጋነንኩ ትንሽ ነው። ተሸካሚዎቹ ካርቶኑን ከበው ቆመዋል። የኢንጂነሮቹ ነው ተብሎ ማን ይንካው። ከኋላ በቅሎ የያዙ አንድ ሽማግሌ ይጣራሉ።

«ጽሑፉን ለበቅሎዬ አንብቡላት፤ ልትረግጠው ነው።»

እትዬ ዘሃራ ሲያዩኝ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ይሄ ጆንያ የማነው?»

«የእኔ ነው፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ትናንት ስምህን ሳትነግረኝ ጥለኸው ሄድክ፤ ደፋሁት። ዛሬ ደግሞ አትንኩ ብለህ መንገዱን ዘጋህብኝ። አንተ ልጅ፣ ምን ያደረግኩህ ነገር አለ?»

«እንዳይደፋብኝ ብዬ ነው።»

«እንዳይደፋብህ ስምህን ጥራልኝ። ልጆቹ ወደ ጎን ያደርጉታል፣ ሰዉም ያልፋል፣ ተራህ ሲደርስ ይመዘናል። ስምህን መናገር ጠላህ? ሰው ገድለሃል?»

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ግን ካርቶኑን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ትናንት ያለ ስም ተደፋ። ዛሬ በ«እንዳይነካ» መንገድ ዘጋ። ይህንኑ ነበር ኮምፓይለሩ ላይ ስሠራ የከረምኩት፤ መጀመሪያ ተሰረዘ፣ ቀጥሎ ሰልፉን አቆመ።

«ምትኩ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ምትኩ እባላለሁ።»

«ምትኩ» ብለው ደገሙት እትዬ ዘሃራ። «አሁን ጥፋ ከፊቴ።»

ጠፋሁ። በሁለቱ ግራ ቦቲዎቼ ወደ ክፍላችን የሮጥኩትን ያዩ ሰዎች እሳት የተነሣ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ተከተሉኝ።

«ሂሩት፣ ጣሳዋ ስም አላት?»

«ሰርኪዩቱ ላይ አላት።»

«ለኮምፓይለሩስ ማን ነገረው?»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ማንም።»

ነገሩ ይሄው ነበር። ጣሳዋ በፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ ተደብቃ ኖራለች፤ ኮምፓይለሩ እንዳለች አያውቅም። እንግዲህ ጣሳዋን እንደ ማንኛውም የፕሮሰሰሩ መደርደሪያ፣ ሬጅስተር እንደሚባለው፣ በስም አስመዘገብናት። መግለጫዎቹንም እንደገና ጻፍናቸው። «ባዶ» ባዶ ጣሳ ይሰጣል። «ጨምር» ጣሳዋንና ሁለት ቁጥሮች ይቀበላል፣ ጣሳዋን መልሶ ይሰጣል። «አንብብ» ጣሳዋን ተቀብሎ ቁጥር ይሰጣል። ጣሳዋ አንዲት ብቻ እንደሆነችም ጻፍን፤ ያለዚያ ኮምፓይለሩ ባንድ ጊዜ ለሁለት ሥራ ያበድራታል። «እንዳትነካ» የሚለውን ምልክት አነሣን።

አሁን እያንዳንዱ «ጨምር» ከእሱ በፊት ያለው የሰጠውን ጣሳ ይጠብቃል፤ ስለዚህ አይሰረዝም፣ ተራውም አይዛባም። ሌላው ሁሉ ግን ነጻ ነው፣ እንደፈለገ ይለፍ።

ገነባን። መብራት ሄደ። ጋሽ ወርቅነህ ሳይጠየቁ ፓምፑን አጠፉ። ሒሳብ ክፍል «ዛሬም ኮምፓይለር ነው?» ብሎ ሰው ላከ። ገነባን።

ሂሩት ትርጉሙን ከፈተች። «ጨምር» በቦታው አለ። በእያንዳንዱ «ጨምር» መካከል ደግሞ ኮምፓይለሩ የሚቀጥለውን የቀለም ንባብ ቀድሞ አምጥቶ አስቀምጧል፤ አንዱ ሲጨመር ሌላው በር ላይ ደርሶ ይጠብቃል። እኔ በእጄ ብጽፈው እንደዚያ አድርጌ አላሳምረውም።

ከዚያ ሂሩት ራሷ ኪቦርዱን ተቀበለችኝ። የእኛን ልዩ ስሞች ሁሉ አጠፋችና ማንኛውም ተማሪ የሚጽፈውን ተራ መስመር ጻፈች፦ ሁለት ቁጥር ይባዛ፣ ድምሩ ላይ ይጨመር። ትርጉሙን ስትከፍት ኮምፓይለሩ ማንም ሳይነግረው «ጨምር» ብሎ ተርጉሞታል። የእሷን ትዕዛዝ፣ እሷ የነደፈችውን፣ በራሱ አፍ።

ተነሥታ ቆመች። «አወቀኝ» አለች።

ያን ቀን ምሳ የጋበዘችን እሷ ናት።

የሙከራው ቀን ከመስቀል በፊት ዋለ። አቶ ሰይፉ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው መጡ፤ ልምድ ጥሩ ነው። ጎማው በሙሉ ፍጥነት ተለቀቀ። እሸቱ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ቫልቮቹ እፍ፣ እፍ፣ እፍ ይላሉ፤ አረንጓዴው ወደ ግራ፣ ቀዩ ወደ መፈልፈያው። አቶ ሰይፉ አንድ እፍኝ ጥሬ ፍሬ ከኪሳቸው አውጥተው ድንገት ወረወሩበት። አንዷ ሳትቀር ወጣች። በጎን ዞረው በሌላ አፍ ሞከሩ። ወጣ። የደረቀ ሞከሩ። እሱም ወጣ። አይናቸው ጠበበ፤ ከመሬት የለስላሳ ቆርኪ አነሡና ጣሉበት። ቀይ ቆርኪ ነበር። ማሽኑ በክብር አሳለፈው፤ መፈልፈያው ገብቶ ቋቋ አለ።

«ይሄው» አሉ አቶ ሰይፉ፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው። «ቆርኪ አሳለፈ።»

«አቶ ሰይፉ፣ በደንብ ይዩት» አልኩ። «የበሰለ ነው።»

ጋሽ ወርቅነህ ሳል የመሰለ ነገር አሳሉ። አቶ ሰይፉ መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ቀጥለው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየ ሰው በእርሻው ታሪክ አልነበረም። ለቃሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ለማየት መጡ። ከለቃሚዎቹ የተባረረ እንዳልነበረም ልንገራችሁ፤ በማሽኑ አፍ ላይ ቆመው ቅጠልና ድንጋይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ቆርኪ፣ ይለቅሙለታል።

«ጆንያዎቹን አውጡ» አሉ አቶ ሰይፉ እንባቸውን ጠርገው። «ክፍሉ የወርቅነህ ነው።»

ጆንያው ሲወጣ እትዬ ዘሃራ በር ላይ ቆመው ነበር። የመጀመሪያውን ክምር የተሸከመው ልጅ ሊያልፍ ሲል እጃቸውን ዘረጉበት። «ይሄ የማነው?»

«የእኔ ነው» አሉ አቶ ሰይፉ ከኋላ።

«የእኔ የሚባል ስም አላውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኙን አዩ። ሁላችንም ወደ ጣሪያው እያየን ነበር።

«ሰይፉ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰይፉ» ብለው ደገሙት እትዬ ዘሃራ፣ መንገዱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ይለፍ።»

ጋሽ ወርቅነህ ባዶ የቀረውን ጥግ ጠረጉት፤ ወንበራቸውን እዚያ አስቀምጠው የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው በሉ። የጌጫውን ጄኔሬተር እስካሁን አላየሁትም፤ ሰላምታ ልኬለታለሁ።

ኮምፓይለር አዲስ ትዕዛዝ የምታስተምሩ፦ ትዕዛዙ የሚያነበውንና የሚለውጠውን ሁሉ በስሙ ጻፉለት። ስም የሌለውን ይሰርዘዋል፤ «አትንካ» ብቻ ካላችሁት ሁሉንም ያቆማል። ስሙን ካወቀ ተራውን ራሱ ይጠብቃል።